በሆስፒታል ላቦራቶሪ የጥራት ሥራ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ላቦራቶሪ ጥራት ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያየው ማሽኑን ነው። የመጀመሪያው ስህተትም ይኸው ነው። አብዛኛው የላቦራቶሪ ስህተት የሚፈጠረው ናሙናው ማሽን ውስጥ ሳይገባ በፊት ነው፤ ምርመራ ሲታዘዝ፣ ደም ሲቀዳ፣ ቱቦው ላይ ስም ሲጻፍ፣ ናሙናው ሲመላለስ።

አንድ ምሳሌ እንይ። ደም የቀዳው ባለሙያ ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቱቦ ሞላ። ለኬሚስትሪ የሚላከው ቱቦ ግን ጎደለበት። ታካሚውን ድጋሚ ላለመውጋት ብሎ ከኢዲቲኤው ቀንሶ ጨመረበት። ኢዲቲኤ ቱቦው ውስጥ ያለው በፖታሲየም ጨው መልክ ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየምም አስሮ ያስቀራል። ስለዚህ ፖታሲየም እጅግ ከፍ፣ ካልሲየም እጅግ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ማሽኑ አልተሳሳተም፣ የሰጡትን ነው የለካው። ውጤቱን ያየ ሐኪም ግን የታካሚው ልብ አደጋ ላይ ነው ብሎ የማያስፈልግ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። እንዲህ ያለውን ለመያዝ ውድቅ የተደረጉ ናሙናዎችን ከነምክንያታቸውና ከመጡበት ክፍል ጋር መዝግቡ። ብዛቱን ብቻ መጻፍ ማንንም አያስተምርም።

ሌላው፣ ኮንትሮል (ማሽኑ በትክክል መለካቱን ለማየት የሚሠራ፣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና) ከገደብ ሲወጣ እስኪገባ ድረስ ደጋግሞ መሥራት ነው። ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ በጣምም አደገኛ ነው። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖም ከ20 ውጤት አንዱ ገደማ ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ውጤቶች ከአማካያቸው በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) ውጭ ሊወጣ ይችላል። እሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሦስት ካለፈ፣ ወይም ሁለት ተከታታይ ውጤቶች በአንድ በኩል ከሁለት ካለፉ ግን የታካሚ ውጤት መልቀቅ ይቁም። ምክንያቱን ፈልጉ፦ ሪኤጀንቱ (የምርመራ ኬሚካሉ) ተቀይሯል? ካሊብሬሽኑ (የማሽኑ ልኬት ማስተካከያ) መቼ ተሠራ? ኮንትሮሉ በአግባቡ ተቀምጦ ነበር? የኮንትሮል ውጤቶች የሚሳሉበትን ቻርትም ለኦዲተር ብላችሁ አትሙሉት። ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል መስመር ችግሩን ቀድሞ ይናገራል።

ውጤት ለመድረስ በሚፈጀው አማካይ ሰዓት መተማመንም ያሳስታል። አስር አስቸኳይ ናሙናዎች መጡ እንበል። የዘጠኙ ውጤት በ30 ደቂቃ፣ የአንዱ በ4 ሰዓት ደረሰ። አማካዩ 51 ደቂቃ ነው። ግባችሁ አንድ ሰዓት ከሆነ ሪፖርቱ ያምራል፤ አራት ሰዓት የጠበቀው ሰው ግን የትም አይታይም። ከመቶ ናሙና የስንቱ ውጤት በጊዜው ደረሰ ብላችሁ ቁጠሩ። ሰዓቱም ናሙናው ላቦራቶሪ ከደረሰበት ሳይሆን ሐኪሙ ካዘዘበት ይጀምር፤ ለታካሚው መጠበቁ የሚጀምረው ያኔ ነውና።

የላቦራቶሪውን ሥራ ለመመዘን ከውጭ የሚላክን ናሙና ለጎበዙ ባለሙያ ሰጥቶ ደጋግሞ ማሠራት ራስን ማታለል ነው። ተራ በደረሰው ሰው፣ እንደ ማንኛውም ታካሚ ናሙና ይሠራ።

አስጊ ውጤትን በስልክ ተናግሮ መዝጋትም አይበቃም። የተቀበለው ሰው መልሶ ያንብበው፣ ስሙና ሰዓቱ ይጻፍ።

በመጨረሻ፣ ስህተት ሪፖርት ያደረገን ሰው መቅጣት። እኔ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ሲቀጣ ሌላው ዝም ይላል፣ መዝገቡም ባዶ ይሆናል። ወር ሙሉ አንድም ስህተት ካልተመዘገበ አመራሩ ከማመስገኑ በፊት ወርዶ ሠራተኞቹን ያነጋግር። ጥያቄውም «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ያን ሌሊት ስንት ሰው ነበራችሁ? ስንት ናሙና መጣባችሁ?» ይሁን።