ውሉን አውጡና አንብቡ

የካቲት 23 ሲደርስ አፄ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር ስለተዋዋሉት የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የማያወራ የለም። «አንብበኸዋል?» ስትሉት ግን ዝም ነው። እኔም አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ያው ነበርኩ። ጎንደር፣ አውቶፓርኮ ቤቴ ከልጅ ልጄና ከጎረቤቶቼ ጋር ማንበብ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። (የሰፈሬ ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ዳግመኛ የመጣው የጣሊያን ጦር የመጨረሻው ክፍል እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው።)

ሁለት ወረቀት አሳትሙ። አንዱ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። ሌላው ጥቅምት 17 ቀን 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል። እሱን እንዳትተዉት። ጣሊያን ዓድዋ ላይ ተሸነፈች፤ ነፃነታችንን በፊርማ ያመነችው ግን በዚህ ነው። ፊደሉን አተልቁት። መጀመሪያ ዓመት ከስልክ ላይ ስናነብ አንዲት ጎረቤቴ መነጽር ላምጣ ብላ በዚያው ቀረች።

ቡና ይፈላ። ቀኑ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ቆሎ ይበቃል።

አንቀጽ 17ን ድምፅ አውጥታችሁ ሁለቴ አንብቡ። ግሱ ላይ አስምሩ። አማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ነው እንግዲህ። ጣሊያንኛው «ኮንሴንቴ» ይላል፤ ተስማምተዋል እንደማለት። ሮም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ለልጆች እንዲህ በሏቸው፦ «ሱቅ መሄድ ትችያለሽ» እና «ሱቅ ለመሄድ ተስማምተሻል»። የልጅ ልጄ ወዲያው ገባት፤ መላክ አትወድም።

ከዚያ አንቀጽ 19ን እዩ። ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ ናቸው ይላል! ጎረቤታችን መሪጌታ እዚህ ላይ ሁሌ ይስቃሉ። «ሰሙን ለእኛ ትተው ወርቁን ይዘው ሊሄዱ» ይላሉ።

የ1889ኙ አጭር ነው። አንቀጽ 2 ውጫሌን ይሰርዛል። አንቀጽ 3 የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት ይቀበላል። የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ ጣሊያንኛ የለም። ይህን ለልጆቹ ሳትነግሯቸው ራሳቸው እንዲደርሱበት ተዉአቸው።

አንቀጽ 4 ጋ ስትደርሱ ቡናው እንደሚቀዘቅዝ እወቁት። የድንበሩ ነገር ነው፤ በዓመት ውስጥ እስኪወሰን ድንበሩ የመረብ፣ የበለሳና የሙና ወንዞች ይሁኑ ይላል፤ ከመረብ ማዶ ያለችው ኤርትራ በጣሊያን እጅ ቀረች ማለት ነው። አምና የልጅ ልጄ «አሸንፈው ለምን መረብ ላይ ቆሙ?» አለች። መሪጌታ «ስንቅ አልቆ ነበር» አሉ። ባለሱቁ ጎረቤቴ «ስንቅ ብቻ አይደለም» ብሎ ተነሣ። በረካው ሳይጠጣ መሸ።