ፋርማሲ ገብተሽ «የሆነ ነገር ስጠኝ» ከማለትሽ በፊት

ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ በብዛት የምሰማው ይኼንን ነው፦ «ብርድ መታኝ መሰለኝ፣ የሆነ ነገር ስጠኝ።» ድምጿ ዝቅ ይላል። ከኋላዋ ወንዶች ቆመዋል። አንዳንዷ ምንም ሳትናገር ጓደኛዋ የተጠቀመችበትን ፓኬት ፎቶ ከስልኳ ታሳየኛለች። አይፈረድባትም። ግን ለጓደኛሽ የሠራው ላንቺ ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ የመድኃኒት ስም ከመጥራትሽ በፊት የሚሰማሽን ተናገሪ። ሰው ከበዛ «ለብቻ ላናግርህ» በይ፣ ነውር የለውም።

በጣም የሚምታታው ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ነጭ፣ ወፈር ያለና እንደ አይብ የተቆራረሰ ከሆነ፣ ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳሽና መጥፎ ሽታ ከሌለው አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ለዚህ በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል አለ፦ 500 ሚሊግራሙ ለአንድ ሌሊት ብቻ፣ 200ው ለ3 ሌሊት። ክኒን ስለሚመስል የሚውጡት አሉ፣ አይዋጥም! ማታ ልትተኚ ስትዪ እጅሽን ታጠቢ፣ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊና ጠለቅ አድርገሽ አስገቢው። ሲቀልጥ ስለሚፈስ ሞዴስ አድርጊ። ኮንዶምን ስለሚያዳክም በነዚያ ቀናት በኮንዶም አትተማመኚ። የሚዋጠው ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም ነው፣ አንድ ፍሬ ብቻ። እርጉዝ ከሆንሽ ግን እሱ ይቅርብሽ፣ «እርጉዝ ልሆን እችላለሁ» ብለሽም ቢሆን ሳንጠይቅሽ ንገሪን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነብሽ ደግሞ መጀመሪያ ብትመረመሪ ይሻላል።

ፈሳሹ ቀጭንና ግራጫ ሆኖ ዓሣ ዓሣ ከሸተተ፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ፣ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ክሎትሪማዞል ገንዘብ ማባከን ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ካለው ደግሞ የአባላዘር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ፣ አንቺ ብቻ ብትታከሚ ተመልሶ ይመጣል። ለፈንገስ ግን እሱን ራሱን ካላሳከከው በቀር ባልሽ መድኃኒት አያስፈልገውም። በዓመት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስብሽ ከሆነ ስኳርሽን ተለኪ፣ ኤችአይቪም ተመርመሪ።

እባክሽ ውስጡን በሳሙና፣ በዴቶል፣ በሎሚ ምናምን አትጠቢ። ብልት ራሱን ያጸዳል፣ መታጠቡ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ነገሩን ያባብሰዋል።

ሽንት ሲያቃጥልሽና ቶሎ ቶሎ ሲመጣብሽ «ኩላሊቴን ነው፣ አሞክሳሲሊን 6 ፍሬ ስጠኝ» አትበዪ። አንቲባዮቲክ በፍሬ እየተቆጠረ አይገዛም፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝም አይሸጥም። ግማሹን ወስደሽ ሲሻልሽ ታቆሚያለሽ፣ በሚቀጥለው ወር ያው መድኃኒት አልሠራ ይልሻል። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሽንትሽን አስመርምሪ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ትውከት ካለ፣ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ፣ ዛሬውኑ ሂጂ።

የወር አበባ ሕመም ላይ ዋናው ሰዓቱ ነው። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም፣ ምግብ በልተሽ፣ ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ ካስፈለገሽ በየ8 ሰዓቱ። መሬት ላይ ከተንከባለልሽ በኋላ ብትውጪው ለመሥራት ይዘገያል። ጨጓራ ወይም አስም ካለብሽ ፓራሲታሞል ይሻልሻል። የሙቅ ውኃ ላስቲክ ሆድሽ ላይ ማድረግም ያግዛል። ሕመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሄደ፣ ወይም በግንኙነት ጊዜም ካመመሽ፣ «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚሉሽን አትስሚ፣ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሞዴስ በየሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ ግን ፋርማሲ አትምጪ፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

በመጨረሻ ፖስትፒል፣ ማለትም ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን። ግንኙነት ከተደረገ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ በወሰድሽው ቁጥር ይሻላል። የተፈጠረ እርግዝና አያስወርድም። ከዋጥሽ በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ድገሚው። የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አንዳንዶቹ ኃይሉን ስለሚቀንሱት ከመግዛትሽ በፊት ንገሪን። የወር አበባሽ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና መመርመሪያውን ግዢና በጠዋት ሽንት ሞክሪው።