«ቀበቶዎን ይሰሩ» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

አንድ መኪና ውስጥ ከፊቴ የተለጠፈው ወረቀት «እባክዎ ቀበቶዎን ይስሩ» ይላል። ሳቄ መጣ። ቆዳና መርፌ ከየት ላምጣ?

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ የአንዲት ፊደል ጉዳይ። «አሰረ» በአክብሮት ሲታዘዝ «ይሰሩ» ይሆናል፣ «ሠራ» ግን «ይሥሩ»። ለብዙ ሰውም «እሰሩ» እንጂ «ሥሩ» አይባልም። ስንናገር ማንም አይሳሳትም። ስንጽፍ ነው ጉዱ።

ሁለተኛው የትርጉም ነው፤ እኔን በጣም የሚከነክነኝም እሱ ነው። ቀበቶና ወገብ በአማርኛ ብዙ ሥራ አለባቸው። «ቀበቶህን ጠበቅ አድርግ» ከተባልክ ወጪ ቀንስ ማለት ነው። «ወገብህን ታጠቅ» ከሆነ ለሥራ ተነሳ ነው። «ቀበቶህን እሰር» ግን ከመኪናና ከአውሮፕላን የመጣ አዲስ አባባል ነው፦ መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ተዘጋጅ። ታዲያ ደመወዝ ሊዘገይ ነው ብሎ «ቀበቶ እሰሩ» የሚል አለቃ የትኛውን ማለቱ ነው? ቆጥቡ ለማለት ከሆነ «አጥብቁ» ይበል።

ደግሞ አባባሉ ጨዋታ አለበት። የዋንጫ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ያምራል። ለመርዶ ግን አይሆንም። ለተራ ስብሰባም አይባክን፤ እንቅልፍ እንጂ መንገጫገጭ የለበትማ።

ጥቅሱንም ብዙዎች ያዛንፉታል። አባባሉን ያስጠራው በ1950 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ኦል አባውት ኢቭ» የተባለው ፊልም ነው። ተዋናይቷ ቤቲ ዴቪስ በአንድ ግብዣ ላይ «ቀበቷችሁን እሰሩ» ካለች በኋላ የሚያንገጫግጨው «ሌሊቱ» እንደሆነ ትናገራለች። ሰው ግን «ጉዞው» እያለ ይጠቅሰዋል። ቀበቶ ሲነሳ ጉዞ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

የመጨረሻው ቃሉን በቁሙ ስንወስደው የሚመጣ ነው። አውሮፕላን ላይ የቀበቶው መብራት ሲጠፋ «ፍቱ» የተባሉ የሚመስላቸው አሉ። ወዲያው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል ካቢኑ። መብራቱ መጥፋቱ መነሳት ትችላላችሁ ማለት ብቻ ነው፤ የተቀመጠ ሰው እንደታሰረ ቢቆይ ይሻለዋል። ጥርት ባለ ሰማይ ላይ የሚያጋጥም መናወጥ አለ፤ ደመና ስለሌለው የአውሮፕላኑ ራዳር አያሳየውም። አብራሪው ቀድሞ ላያስጠነቅቅ ይችላል። ሲያስሩም ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ዳሌ ላይ ይረፍ።