ምጽዋት ከመስጠት በፊት ልብን መፈተሻ

ምጽዋት ልትሰጡ ስትሉ ይህን አስቀድሙ፦ «ማንም ባያውቅልኝ፣ ስሜም ባይጠራ፣ ይህንኑ ያህል ብር እሰጣለሁ?» መልሱ «እቀንሳለሁ» ከሆነ፣ ልዩነቱ ለሰው ዓይን የታሰበ ነው። ስጦታውን ግን አታስቀሩ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እናንተ ልቤ እስኪጠራ ስትሉ ድሃው ጦሙን ያድራል። ይልቅ መንገዱን ለውጡ፦ ስም ሳትጽፉ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ክተቱ፣ ወይም በሌላ ሰው እጅ ላኩ (ማቴዎስ 6፥3-4)።

ከሰጣችሁ በኋላም ለአንድ ሁለት ቀን ልባችሁን ተከታተሉ። ምስጋና ቀርቶባችሁ ቅር ካላችሁ፣ ወይም ወሬውን እንደ ዘበት ጣል ማድረግ ካማራችሁ፣ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። «ትዕቢት አለብኝ» ብሎ ማለፍ ብዙም አይረዳም (ሁሉም ይለዋል)፤ ከማን ምን ዓይነት ውዳሴ እንደጠበቃችሁ ለይታችሁ ተናገሩ።