የቦይለር ደለልና ኖራ፦ እንዴት ይለያል፣ እንዴት ይጸዳል?

ጎንደር ውስጥ የሻወር ቦይለር ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ሁለት ዓይነት ነገር ነው፤ ጭቃ (ደለል) እና ኖራ። ጭቃው ከመስመር ይመጣል። ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ራሱ በደለል የተቸገረ ነው፤ በዚያ ላይ ውሃ በፈረቃ ተቋርጦ ሲለቀቅ ቱቦ ውስጥ የተኛውን ሁሉ ጠርጎ ያመጣል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል። ኖራው ግን ጥርት ባለ ውሃ ውስጥም ሟሙቶ ይገባና ሲሞቅ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ላይ ይጋገራል። ጭቃ በውሃ ይወጣል፤ ኖራ ያለ አሲድ አይለቅም። ሁለቱን ሳይለዩ መጀመር ነው ድካሙን መና የሚያስቀረው።

መጀመሪያ ደለል ወይም ኖራ መሆኑን ያረጋግጡ

«ውሃው ቶሎ አይሞቅም» የሚባለው ብዙ ጊዜ የደለል ወይም የኖራ ሳይሆን የመብራት ችግር ነው። 80 ሊትር የሚይዝ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ውሃውን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ከ2 ሰዓት ተኩል ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይፈጃል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ግን ጉልበቱ 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ይሆንና ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። በቴስተር ሳይለኩ ቦይለር አይፍቱ።

የኖራ ምልክቱ ሌላ ነው። ሲሞቅ ይንጣጣል፤ ከቅርፊቱ ሥር የታፈነው ውሃ እየፈላ ስለሚፈነዳ ነው። መብራቱን ቶሎ ይቆርጥና ሙቅ ውሃው ሳሙናው ሳይለቅ ያልቃል፤ ኖራ የለበሰ ሬዚስታንስ አጠገቡ ያለውን ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲደርስ መብራቱን የሚቆርጠውን) ቀድሞ ያግለዋል።

አወራረድ

ብሬከሩን ያጥፉ፤ የግድግዳው ማጥፊያ ብቻውን አይታመንም። ከዚያ ቀዝቃዛ እስኪመጣ ድረስ ሙቁን ውሃ ያፍስሱ። ሰማያዊ ምልክት ያለበትን የቀዝቃዛ ውሃ መግቢያ ይዝጉ፣ የሙቁን ቧንቧ ክፍት ይተዉት፤ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለውን የሴፍቲ ቫልቩን ማንሻ አንስተው በጎማ ወደ ባልዲ ያውርዱ። ቀዳዳዋ ጠባብ ስለሆነች ጭቃ ከደፈናት ቫልቩን ራሱን መፍታት ነው።

ውሃው ቀጥ ሲል ባዶ ሆነ ብለው አይመኑ። የመግቢያው ቱቦ አፍ ከወለሉ ከፍ ስለሚል ከታች ጥቂት ሊትር ጭቃ ይቀራል። ቀዝቃዛውን ለቀቅ ዘጋ እያደረጉ ቢያጥቡት ይነቃነቃል፤ ግን ግፊት ይፈልጋል። በ3 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው፣ ደለል አያነሳም። ስለዚህ ቤትዎ ከመስመር በቀጥታ ውሃ የሚያገኝ ከሆነ ሥራውን በፈረቃዎ ቀን ያድርጉት። ከሮቶ ብቻ ከሆነ ከታች ያለውን ክዳን መክፈት ግድ ይላል።

ክዳኑን ሲከፍቱ

ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ ባልዲ ከሥር ያድርጉ፣ ቡሎኖቹን ፈትተው ሬዚስታንሱን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይሳቡ። ከወጣው ነገር ቆንጥረው ሳህን ላይ ያድርጉና ጥቂት አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። ከፈላና አረፋ ከሰጠ ኖራ ነው። ዝም ካለ ጭቃ ነው፤ ሆዱን በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ማጠብ ይበቃል። ቡናማ የዝገት ፍርፋሪ ካዩ የማግኒዚየም አኖዱን (ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀውን ዘንግ) ይመልከቱ፤ መሃሉ ላይ ያለው የብረት ሽቦ ከታየ አልቋል፣ ይቀየር። አኖድ ሲያልቅ ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል።

ኖራ የያዘ ሬዚስታንስ አቼቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር፤ ሽቦ የሚታሰርበት ጫፍ እንዳይረጥብ። በቢላ አይፋቁት፣ ሽፋኑ ይቆስላል። አቼቶን ከባረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የባትሪ አሲድም እንዳይሞክሩ።

የጎማ ማሸጊያውን በአዲስ ይተኩ፣ ቡሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቁ ያጥብቁ። የሙቁ ቧንቧ አየር መትፋቱን ትቶ በሙሉ እስኪወርድ ይሙሉት፣ እርጥበት አለመኖሩን ይዩ፣ ከዚያ ብቻ ብሬከሩን ያብሩ። ባዶ ቦይለር ላይ መብራት መልቀቅ ሬዚስታንሱን ወዲያው ያቃጥላል። ብሬከሩ ወዲያው ከወደቀ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ከተሰነጠቀ መቀየር እንጂ ማጠብ አያድነውም።

ቴርሞስታቱን ከ55 እስከ 60 ላይ ያድርጉ፤ ከዚያ በላይ ኖራው ይፋጠናል። ውሃ ሲመለስ ድፍርሱን ሳይጨርሱ ወደ ሮቶ አያስገቡ፣ ከቦይለሩ መግቢያ በፊትም ወንፊት ያለው ማጣሪያ ያስገጥሙ፤ ክረምት ላይ ወንፊቱ በየሳምንቱ ይታጠብ።