በናኖ ቅንጣት የቆዳ መድኃኒት ማዘጋጀት፦ ደሴ ላይ ለምትሠሩ

ቅባትና ዘይት ከመመዘናችሁ በፊት በሽታው ከቆዳው የትኛው ሽፋን ውስጥ እንደሚኖር ለዩ። የቋቁቻ ፈንገስ መኖሪያው የሞተው የላይኛው ሽፋን ነው፤ ውፍረቱም ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በወሎ ደጋ የሚታወቀው የቁንጭር ተውሳክ ግን ከዚያ ሥር፣ በሕያው ቆዳ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ብዙዎች መድኃኒቱን የተሸከመው ናኖ ቅንጣት (እጅግ ደቃቅ የቅባት እንክብል) ራሱ ቆዳውን አልፎ የሚገባ ይመስላቸዋል። በጤናማ ቆዳ ላይ እንዲህ የሚሆነው እምብዛም ነው። የቅባት ቅንጣት ላይ ላዩን ስስ ሽፋን ይሠራል፣ የቆዳውን እርጥበት ይይዛል፣ በፀጉር ሥር ይጠራቀማል፤ የሚገባው ከእሱ ቀስ እያለ የሚለቀቀው መድኃኒት ነው። ስለዚህ ከቋቁቻ ጀምሩ፤ ፈንገስ የሚገድለው ክሎትሪማዞል ለዚህ ይመቻል፣ ውሃ ስለማይወድ ቅባት ውስጥ መቀመጥ ይቀለዋል።

ለ50 ግራም፦ ኮምፕሪቶል 888 (ጠጣር ቅባት) 3.5 ግራም፣ ሚዲየም ቼይን ትራይግሊሰራይድ ዘይት 1.5 ግራም፣ ክሎትሪማዞል 0.25 ግራም፣ ትዊን 80 (ቅባትንና ውሃን የሚያዋህድ) 1.5 ግራም፣ የተጣራ ውሃ 43.25 ግራም። ፈሳሹ ዘይት የገባው በምክንያት ነው፤ ጠጣር ቅባት ብቻውን ሲሆን በቆይታ ክሪስታሉ እየተስተካከለ መድኃኒቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በዘይቱ ፋንታ የኑግ ዘይት ለማስገባት አትሞክሩ፣ ቶሎ ይበላሻል።

ቅባቱን፣ ዘይቱንና መድኃኒቱን አንድ ላይ በ85 ዲግሪ አቅልጡ። የቀለጠው ጠርቶ ካልታየ መድኃኒቱ አልሟሟም ማለት ነውና መጠኑን ቀንሱ እንጂ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ትዊኑን ከውሃው ጋር አደባልቃችሁ በሌላ ቢከር ወደዚያው 85 ዲግሪ አድርሱ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በመፍላቱ አትገምቱ፣ ቴርሞሜትር ተጠቀሙ። ቢከሩን ክደኑት፤ መጨረሻ ላይም መዝናችሁ የተነነውን ውሃ ተኩ።

ትኩሱን ውሃ በትኩሱ ቅባት ላይ አፍስሱና በሆሞጀናይዘር (በፍጥነት እየተሽከረከረ የሚመታ መሣሪያ) በደቂቃ በ10,000 ዙር ለ5 ደቂቃ ምቱ። ወዲያው ፕሮብ ሶኒኬተሩን (በድምፅ ሞገድ ቅንጣቱን የሚያደቅ ዘንግ) ከቢከሩ ወለል ከፍ አድርጋችሁ አስገቡና፣ 5 ሴኮንድ እያሠራችሁ 5 ሴኮንድ እያሳረፋችሁ፣ በአጠቃላይ ለ10 ደቂቃ አሠሩ። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ቅባቱ ረግቶ ይጓጉላል፤ መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ወደ 85 ዲግሪ መልሱት፣ ከዚያ ቀጥሉ። የረጋውን በሶኒኬተር መምታት ፕሮቡን ከመጉዳት በቀር የሚጠቅመው የለም። ፕሮቡ የታይታኒየም ብናኝም ይጥላል፤ ሲቀዘቅዝ ለአጭር ጊዜ በዝቅተኛ ዙር ሴንትሪፉጅ አድርጉና ከሥር የዘቀጠውን ተዉት። ማቀዝቀዙ በዝግታ እየተማሰለ እስከ ክፍሉ ሙቀት ይሁን።

የቅንጣቱን መጠን የሚለካ መሣሪያ አጠገባችሁ ከሌለና ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ብልቃጡን እስከ አፉ ሙሉት፤ አየር ካለ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሲናጥ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ። በበረዶ ሣጥን ይሂድ፣ ግን ራሱ ወደ በረዶ አይለወጥ። የቅንጣቱ መጠን ከ150 እስከ 250 ናኖሜትር፣ የመበታተን መለኪያው (ቅንጣቶቹ በመጠን ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳየው) ከ0.3 በታች ከሆነ መልካም ነው።

ለጄሉ 0.5 ግራም ካርቦፖል 934 (ጄል የሚሠራ ዱቄት) በ50 ግራም ውሃ ላይ ነስንሱና አሳድሩ። በማግስቱ ከቅንጣቱ ውህድ ጋር እኩል በእኩል በዝግታ አዋህዱ፣ ከዚያ ትራይኤታኖላሚን (አሲዱን የሚያለዝብ ፈሳሽ) በጠብታ እየጨመራችሁ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) ወደ 6 አድርሱ። ጨው ያለበት ውሃ ከገባ ጄሉ ይቀጥናል። መድኃኒቱ አሁን 0.25 በመቶ ነው፤ ከገበያው 1 በመቶ ክሬም ጋር ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ። በሰው ላይ ግን አትቀቡት፣ የሥነ ምግባር ፈቃድና የደኅንነት ምርመራ ሳይኖር በራሳችሁም ክንድ ላይ ቢሆን።

ለፍራንዝ ሴል (መድኃኒት ቆዳን ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካበት የመስታወት ዕቃ) ሌላው ዓለም የአሳማ ጆሮ ይጠቀማል፤ ወሎ ውስጥ የሚገኘው የፍየል ጆሮ ነው። ከቄራ ዕለቱን ውሰዱ፣ ለቆዳ ነጋዴ ጨው የተነሰነሰበት አይሆንም። ፀጉሩን በመቀስ ከርክሙ እንጂ አትላጩ፤ ምላጭ የምትፈትኑትን ሽፋን ይልጠዋል። ከሥር ያለው ፈሳሽ ፒኤቹ 7.4 የሆነ ፎስፌት በፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ፈሳሽ) እና 30 በመቶ ኤታኖል ይሁን፣ ያለ ኤታኖል ክሎትሪማዞል አይሟሟም። የቆዳውን ገጽ በ32 ዲግሪ ያዙ። ከቆዳው ሥር አረፋ ካለ ሴሉን አዘንብላችሁ አውጡት፣ አረፋ ባለበት ምንም አያልፍም። ናሙና በወሰዳችሁ ቁጥር ያንኑ ያህል አዲስ ፈሳሽ ተኩ።

ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረውን ጄል ጠርጋችሁ ቆዳውን በቴፕ 15 ጊዜ ያህል ላጡና በቴፑ ላይ ያለውን መድኃኒት ከሥር ፈሳሹ ለይታችሁ ለኩ። በቴፑ ላይ ብዙ፣ በፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ከሆነ ለቋቁቻ የሚፈለገው ይኸው ነው። ለቁንጭር ያዘጋጃችሁት መድኃኒት ይህን ካሳየ ግን ወደ ቀመሩ ተመለሱ።