የጭንቀት ኪኒንን ቀስ በቀስ እንዴት ማቆም ይቻላል?

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሱባኤ ሊገባ የተነሣ ሰው «ከእንግዲህ በእምነቴ ነው» ብሎ ኪኒኑን ቤት ጥሎ ቢሄድ በሰሜን ሸዋ የሚገርመው የለም። ዳያዜፓም፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓም ወይም ክሎናዜፓም ለወራት የወሰደ ሰው ግን ይህን ማድረግ የለበትም። ጠበሉን ማንም አልከለከለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ኪኒንዎን ይዘው ይሂዱ።

እነዚህ መድኃኒቶች አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያጠናክራሉ። ሳምንታት ሲያልፉ አንጎል እገዛውን ይለምድና የራሱን ማረጋጊያ ያላላል። ኪኒኑ በድንገት ሲቀር መቆጣጠሪያ ያጣል፤ ሰውነት ሊንፈራገጥ፣ አእምሮ ሊቃወስ፣ ባስ ሲልም ሕይወት ሊያልፍ ይችላል።

1. የሚወስዱትን ለይተው ይወቁ

ብዙ ሰው «የነርቭ ኪኒን» ብሎ ያልፈዋል። የድብርት መድኃኒቶቹ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲንም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ እነሱን የማቆሚያው መንገድ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ማሸጊያውን ይዘው ጤና ጣቢያ ወይም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይሂዱ። የሚጥል በሽታ ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም በየቀኑ አልኮል የሚጠጡ ከሆነ ይህን ነገር ከሐኪም ውጭ አይጀምሩት።

2. መጠኑን በትንሽ በትንሹ ይቀንሱ

የተለመደው አካሄድ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከሚወስዱት መጠን ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው። በ2 ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ መውረድ አይመከርም። ሐኪሙ አጭር ጊዜ የሚሠራውን መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ በማይወጣው ዳያዜፓም ሊተካው ይችላል።

በቀን 10 ሚሊ ግራም ዳያዜፓም የሚወስድ ሰው እንበል፤ ጠዋት ባለ 5 አንድ፣ ማታ ባለ 5 አንድ። ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ኪኒን አራት ቦታ ሲከፈል አንዱ ሩብ 1.25 ሚሊ ግራም ነው። ከጠዋቱ አንድ ሩብ ሲቀነስ የቀኑ መጠን 8.75 ይሆናል። በየ2 ሳምንቱ አንድ ሩብ ቢቀነስ እንኳ ከ3 ወር በላይ ይፈጃል። ቁም ነገሩ መጨረሻው ላይ ነው። ከ10 ላይ የተቀነሰው ሩብ 12 በመቶ ግድም ሲሆን፣ ከ5 ላይ የሚቀነሰው ያው ሩብ 25 በመቶ ነው። ስለዚህ ከግማሹ በታች ሲደርሱ ባለ 2 ሚሊ ግራሙን ፈልገው በእሱ ሩብ ይቀንሱ፤ ካልተገኘም በየደረጃው ያለውን ቆይታ ያርዝሙ። ሰው የሚቸኩለው «ደረስኩ» ባለ ጊዜ ነው፤ የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው።

ሌላው፣ ኪኒን እንዳያልቅብዎ። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሰው ክረምቱንና የመንገዱን ነገር ያውቃል። ሐኪሙን አስፈቅደው የጥቂት ቀናት መጠባበቂያ ይያዙ። ጾምም ቢሆን ከንስሐ አባትዎና ከሐኪምዎ ጋር ሰዓቱን ተነጋግረው ያስተካክሉ እንጂ የጠዋቱን አይዝለሉ።

3. ምልክቶቹን ይጠብቋቸው

እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ መነጫነጭ፣ ብርሃንና ድምፅ አለመቻል ይመጣሉ። ደብረ ብርሃን ላይ መንቀጥቀጡን በብርዱ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ላቡን በሙቀቱ ማሳበብ ቀላል ስለሆነ፣ መጠን የቀነሱበትን ቀንና የተሰማዎትን ደብተር ላይ ይጻፉ። በአጭር ጊዜ በሚሠሩት መድኃኒቶች ምልክቱ በ1 ወይም 2 ቀን ይታያል፤ በዳያዜፓም ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ከተቀነሰ በኋላ ብቅ ብሎ እየቀለለ የሚሄደው የመላቀቂያ ምልክት ነው። እየከረመ የማይቀንሰው ግን የቀድሞው ጭንቀት ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ሲከብድዎ ባሉበት መጠን ላይ ይቆዩ፤ መቆየት ሽንፈት አይደለም።

ቡናውን ከአቦል አያሳልፉ፣ ከሰዓት በኋላም ይተውት። ቡና የሚያበዛ ሰው እሱንም በአንዴ አያቁም፤ ራስ ምታቱ ሌላ ጣጣ ነው። ጫት ጭንቀቱን ያባብሳል። አረቄ ግን ከሁሉም ይከፋል። እንቅልፍ አምጪ ይመስላል፤ ከኪኒኑ ጋር ሲገናኝ እስትንፋስ ሊያቆም ይችላል። ሠርግ ወይም ማኅበር ላይ «አንዲት መለኪያ ብቻ» የሚሉ ዘመዶች ስለማይጠፉ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብለው ይቁረጡት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ በእግር መሄድና ሲጨነቁ አወጣጡን አርዝሞ በቀስታ መተንፈስ ያግዛሉ።

4. አንድ የቤት ሰው ይወቅ

ለባለቤትዎ ወይም ለልጅዎ ይንገሩ። ካልነገሩ መነጫነጩን «ዛሩ ተነሣበት» የሚል አይታጣም። መንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት፣ ከፍተኛ ግራ መጋባት፣ ወይም ራስን የመግደል ሐሳብ ከመጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

5. ካቆሙ በኋላ

ከሳምንታት በኋላ አንድ ክፉ ሌሊት ቢገጥምዎ የድሮውን መጠን አንሥተው አይዋጡ፤ ሰውነትዎ ልምዱን ስለተወ ያው ኪኒን ሊበዛበት ይችላል። የተረፈውንም እንቅልፍ ላጣች ጎረቤት አይስጡ፤ ስለ አወጋገዱ ፋርማሲውን ይጠይቁ።